የዓይን መርፌና የማታው ሕመም

በዚህ እትም በዓይናቸው ውስጥ መርፌ የሚወስዱ አንባብያን የላኩልንን ደብዳቤዎች መርጠናል። አብዛኞቹ የጠየቁት መርፌው ስለሚያክመው የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የጀርባ ሽፋን) እብጠት ሳይሆን ከመርፌው በኋላ ስለሚመጣው ቁጥቆጣ ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሕመሙን ፈርቶ ቀጠሮ የሚቀር ሰው አለና።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ሬቲናሽ ውሃ ቋጥሯል ተብዬ በየወሩ ቀኝ ዓይኔን አቫስቲን የሚባለውን መርፌ እወጋለሁ። ሲወጉኝ ብዙም አይሰማኝም። ማታ ላይ ግን ይቆጠቁጠኛል፣ እንባዬ ይፈሳል፣ እንቅልፍም ይነሳኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ የዓይን ሞራ ስትሠራ የታዘዘላትን ኔፓፌናክ የሚባል ጠብታ ላከችልኝ። ልጠቀምበት? በየስንት ሰዓቱ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መድኃኒቱ ለዚህ ሕመም ይረዳል። ብልቃጡ ግን እህትዎ ከፍተው የተጠቀሙበት ከሆነ ይጣሉት። የዓይን ጠብታ ከተከፈተ ከ28 ቀን በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ጫፉ የሌላ ሰው ሽፋሽፍት ነክቶ ሊሆን መቻሉ ነው። በመርፌ ሊወጋ በተዘጋጀ ዓይን ላይ ጥቂት ጀርም ብዙ ጣጣ ያመጣል። ማሸጊያው ያልተነካ አዲስ ከሆነ ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ይዘውት ይሂዱና ለሐኪምዎ ያሳዩ። ኔፓፌናክ የተፈቀደው ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ሕመምና ብግነት (መቅላትና ማበጥ) ነው። ለመርፌ ሕመም የሚታዘዘው በሐኪሙ ውሳኔ ስለሆነ ሳያውቅ አይጀምሩት።

ሕመሙ ለምን ማታ እንደሚብስ ልንገርዎ፤ የጠብታው ሥራ ከዚያ ይገባዎታል። ከመርፌው በፊት የሚደረግልዎ የማደንዘዣ ጠብታ፣ ቴትራኬይን ወይም ፕሮፓራኬይን 0.5 በመቶ፣ በግማሽ ደቂቃ ያደነዝዝና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ክሊኒክ ውስጥ ደህና ሆነው ታክሲ ላይ የሚጀምርዎ ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የተወጋው ቦታ ነው። መርፌው ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ነጩ ላይ ይገባል፤ ሰውነት በዚያች ቀዳዳ ዙሪያ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመነጫል። ዓይንን የሚያቀላውና ነርቭን የሚያስቆጣው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ እኛም የበለጠ የምንጠረጥረው፣ ጀርም እንዲገድል የሚጨመረው 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ነው። አዮዲን የብሌኑን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ለፊት ያለውን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ክፍል፣ ስስ የላይ ሽፋን ያደርቃል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ በነጠብጣብ ይልጠዋል። ብሌን ደግሞ የሕመም ነርቭ ጫፎች እጅግ ከበዙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁርዎ ይህ ነው።

ኔፓፌናክ ስቴሮይድ ካልሆኑት ፀረ ብግነት ጠብታዎች ወገን ነው። ዓይን ውስጥ ሲገባ አምፌናክ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጥና ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኤንዛይም ያግዳል። አያደነዝዝም። ስለዚህ መርፌው በሚገባበት ቅጽበት ብዙ ለውጥ አይጠብቁበት፤ ጥቅሙ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። መርፌው እንዳለቀ አንድ ጠብታ 0.3 በመቶ ኔፓፌናክ የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በ6ኛው ሰዓትም በማግስቱም ሕመማቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዓይንን በፋሻ ሸፍኖ ማዋል ግን ይህን ጥቅም አልሰጠም፤ ስለዚህ «ዓይኔን ሸፍኑልኝ» ማለት አያስፈልግዎትም። የሚቀንሰው ሕመም መጠነኛ ነው። አዮዲኑ የላጠውን ጠብታው መልሶ አያለብሰውም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። አንድ ጠብታ፣ ወይ ከመርፌው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይ መርፌው እንዳለቀ እዚያው ክሊኒክ። 0.3 በመቶ የሚለው ለዕለቱ አንድ ጊዜ ይበቃል። 0.1 በመቶ የሚለው አቅሙ አነስ ስለሚል ሐኪሙ በዚያው ቀን እንዲደገም ሊያዝ ይችላል። በማግስቱ ያበቃል፤ እስከሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ድረስ በየቀኑ የሚጨመር መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ ከታች የሚዘቅጥ ዓይነት ስለሆነ ብልቃጡን በደንብ ይነቅንቁት። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው፣ ጫፉን ሳያስነኩ አንድ ብቻ ያንጠባጥቡ። ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ይፈሳል። ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ1 ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ያድርጉት፤ አለበለዚያ ከፊሉ ወደ ጉሮሮ ይወርድና አፍዎን ይመረዎታል። ሌላ ጠብታ ካለዎት 5 ደቂቃ ይቆዩ። የመርፌው ቀን ጠዋት ግን የዓይን ቅባት አይቀቡ፤ ቅባት አዮዲኑ የዓይኑን ገጽ እንዳይነካ ይጋርዳል።

ለማታው ቁጥቆጣ ከዚህ ጠብታ ይልቅ ሰው ሠራሽ እንባ የበለጠ የሚያሳርፋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጡ፤ በአንድ ጊዜ አጠቃቀም በትንንሽ ፕላስቲክ የሚመጣው ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው እስከሚተኙ ድረስ በየሰዓቱ ይጨምሩት። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር በተጨፈነው ዓይን ላይ ሳይጫኑ ለ10 ደቂቃ ማሳረፍም ይረዳል። ካልበቃ ከመተኛትዎ በፊት 1 ግራም ፓራሲታሞል ይዋጡ፤ ጉበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይንገርዎ። ጠዋት ሲነሱ ሕመሙ በአብዛኛው ለቆዎት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ሄጄ ኔፓፌናክ ስል የለም ተባልኩና ዳይክሎፌናክ የዓይን ጠብታ ሰጡኝ። ዳይክሎፌናክ ኪኒን ቤት ስላለ እሱን ብውጥስ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጠብታው ያው ወገን ነው። ዳይክሎፌናክ 0.1 በመቶ፣ ኬቶሮላክ 0.5 በመቶ፣ ብሮምፌናክ 0.09 በመቶ፣ ሁሉም ፕሮስታግላንዲንን በማገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲገቡ ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሐኪምዎ ከፈቀደ ከመርፌው በፊት አንድ ጠብታ በቂ ነው።

ኪኒኑን ግን ይተዉት። በዓይን መርፌ ከሚታከሙት መካከል ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኪኒኖች ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ለአንድ ማታ የዓይን ሕመም ብሎ ኩላሊትን ማስቀየም አያዋጣም። ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፕሪን ወይም ሌላ አይቡፕሮፌን መሰል ኪኒን ሲወስዱ አስም የሚነሳባቸው ሰዎች ጠብታውንም ቢሆን ያለ ሐኪም ምክር መጠቀም የለባቸውም።

በፋርማሲ መስኮት ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «የዓይን ማስታገሻ» ብለው ሲጠይቁ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ሊሰጥዎ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ነው። እሱ ስቴሮይድ ነው። የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኢንፌክሽንም ይሸፍናል። ካርቶኑ ላይ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካዩ የጠየቁት እሱ እንዳልሆነ ተናግረው ይመልሱ።

ጥያቄ፦ እዚህ ሜሪላንድ በየስድስት ሳምንቱ አይሊያ የሚባለውን የዓይን መርፌ እወስዳለሁ። ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ዓይኔ እስከ ሌሊት ይነድዳል። ለአዮዲን አለርጂ ያለብኝ ይመስለኛል፤ የባሕር ምግብም አይስማማኝም። አዮዲኑ ይቅርብኝ ብል ያስቀሩልኛል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የገለጹት ነገር አለርጂ ሳይሆን የአዮዲኑ ባሕርይ ይመስላል። እውነተኛ የአዮዲን አለርጂ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታ ያወጣል፣ የዓይን ቆብ ያብጣል። የባሕር ምግብ አለርጂ ደግሞ የሚመጣው ከእንስሳው ፕሮቲን እንጂ ከአዮዲን አይደለም፤ ሁለቱ አይገናኙም።

አዮዲኑን ያለ ምትክ ማስቀረት አይቻልም፣ እርስዎም አይጠይቁ። ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይን የሚያጠፋውን ኢንፌክሽን በመከላከል ረገድ ከሌሎቹ ጥንቃቄዎች ሁሉ ይበልጥ የሚታመንበት እሱ ነው። ቀድሞ ከመርፌ በፊትና በኋላ ለቀናት ይታዘዝ የነበረው የአንቲባዮቲክ ጠብታ ጥቅም የለውም ተብሎ በብዙ ቦታ ቀርቷል፤ አዮዲኑ ግን አልቀረም።

የሚቀየረው አደራረጉ ነው። ሐኪምዎን እነዚህን ይጠይቁ። አዮዲኑ የሚወጋውን ቦታ ለ30 ሰከንድ መንካቱ ይበቃል፤ ደጋግሞ ዓይን ሙሉ ማፍሰስ አያስፈልግም። መርፌው እንዳለቀ ዓይኑ በጨው ውሃ፣ በኖርማል ሳላይን፣ በደንብ ይታጠብ። በሁለት ጠብታ እርጥብ ማድረግ ማጠብ አይደለም፤ የዓይን ቆቡን ገልጦ፣ ታችና ላይ ያለውን እጥፋት ጭምር፣ ቢጫው ቀለም እስኪጠፋ ነው። ሰው የሚበዛበት ክሊኒክ ውስጥ የምትዘለለው እርምጃ ይህች ናት፤ የሌሊቱ ሕመም ልዩነትም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከታጠበ በኋላ ከማደንዘዣው የተነሳ ዓይንዎ በደንብ ስለማይርገበገብ ይደርቃል፤ ማደንዘዣው እስኪለቅ ዓይንዎን ጨፍነው ይቀመጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለዎ በክሎርሄክሲዲን መተካት ይቻላል፤ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ፣ በውሃ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ለቆዳ ተብሎ በአልኮል የሚዘጋጀው ክሎርሄክሲዲን ብሌንን ያበላሻል። ስለዚህ ይህን ራስዎ ገዝተው የሚያመጡት ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ነርሷን የማደንዘዣ ጠብታውን ለቤት ስጪኝ ብላት እምቢ አለችኝ። ገንዘብ እከፍላለሁ ብልም አልሆነም። ለምን?
(ከሀዋሳ)

መልስ፦ ስላዘነችልዎ። ቴትራኬይን በተደጋጋሚ ሲጨመር ብሌኑ የላይ ሽፋኑን መልሶ እንዳያበቅል ይከለክላል። የደነዘዘ ዓይን ሲላጥ፣ ሲታሽ፣ ሲቆስል አይሰማውም። ጠብታው ሲለቅ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ሰውየው ይደግማል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብሌኑ ይቆስላል፣ ሊበሳም ይችላል። ከሌላ ቦታ ቢያገኙትም አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለች ትራኮማ ነበረባት፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። አሁን ለስኳር ብለው ዓይኗን መርፌ ይወጓታል። ሕመሙ ከሌሎቹ ታካሚዎች ይብስባታል። ፀረ ብግነት ጠብታው ለሷ ይሆናል?
(ከደሴ)

መልስ፦ ለእናትዎ በዚህ ጠብታ ላይ ቸኩለን አዎ አንልም። ትራኮማ ያለፈበት ዓይን የውስጥ ቆቡ ጠባሳ ስለሚይዝ እንባው ያንሳል፣ ዓይኑ ይደርቃል፣ ብሌኑም ብዙ ጊዜ ጠባሳ አለው። ስቴሮይድ ያልሆኑ ፀረ ብግነት ጠብታዎች ከሚታወቁት ጉዳቶቻቸው የከፋው ደግሞ የደከመ ብሌን ላይ የሚያደርሱት ነው፤ ቁስል እንዳይድን ያዘገያሉ፣ አልፎ አልፎም ብሌኑ እየሳሳ ሄዶ ይበሳል። ይህ የታየው በአብዛኛው ለቀናትና ለሳምንታት ሲጨመሩ፣ ዓይኑ በጣም ደረቅ ሲሆን፣ ስኳር ወይም የመገጣጠሚያ ብግነት ሲኖር፣ ወይም ከስቴሮይድ ጠብታ ጋር ሲደረቡ ነው። እናትዎ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ አሉባቸው። አንድ ጠብታ በመርፌው ቀን ብቻ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ውሳኔው ግን ብሌናቸው የተላጠ ቦታን በሚያሳየው በፍሎረሰሲን ቀለም ታይቶ የሐኪሙ ይሁን።

ከዚያ በፊት የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ሽፋሽፍታቸው ዳግም ዞሮ ይሆን? ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመለስበት ሰው ብዙ ነው። ጥቂት ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፈተጉት ከሆነ አዮዲኑ የሚያርፈው አስቀድሞ በተላጠ ገጽ ላይ ነው፤ ሕመሙ ቢብስ አይደንቅም። በብርሃን ፊት የላይኛውን ቆብ ትንሽ ከፍ አድርገው ይመልከቱ፤ የሚነካ ፀጉር ካለ ለዓይን ክሊኒኩ ያሳውቁ። ቤት ውስጥ በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ አያድንም፤ አጭር ሆኖ ሲበቅል የባሰ ይወጋል። እስከዚያው ከመርፌው ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ ሰው ሠራሽ እንባ በቀን 4 ጊዜ እንዲጨምሩ ያድርጉ፤ ሐኪሙም ከመርፌው በኋላ ዓይኑን በደንብ እንዲያጥብላቸው አስቀድመው ይንገሩት። ካስተዋልናቸው መንገዶች ለእሳቸው የተሻለው ይህ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሁለተኛውን መርፌ ሲወጋ ስላመመው ሦስተኛውን እምቢ ብሏል። ጠብታው ሲወጋ አያደነዝዝም ካላችሁ፣ ሲወጋ እንዳያመው ምን ይደረግ?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ማደንዘዣው ይጠንክር። ጠብታ ብቻ ለብዙው ሰው ይበቃል፤ ላልበቃው ሌላ መንገድ አለ። አንዱ በሊዶኬይን የተነከረ ጥጥ መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ መያዝ ነው፤ ርካሽ ነው፣ የትኛውም ክሊኒክ ሊያደርገው ይችላል። ሌላው ሊዶኬይን ጄል ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ጄሉ ከአዮዲኑ ቀድሞ ከተቀባ አዮዲኑ ጀርሙ ጋ እንዳይደርስ ይጋርዳል። አዮዲን መጀመሪያ፣ ከዚያ ጄል፣ ከዚያ ጄሉ ተጠርጎ ዳግም አዮዲን። ሦስተኛው በነጩ ስስ ሽፋን ሥር ጥቂት ሊዶኬይን በመርፌ መስጠት ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያደነዝዘው እሱ ነው፤ ነገር ግን ራሱ መርፌ ነው፣ ዓይኑንም ደም ያስቋጥረዋል። የምንመርጠው ለወፍራም መርፌ ነው፤ ለምሳሌ ኦዙርዴክስ የሚባለው የዴክሳሜታዞን ቅንጣት በ22 ጌጅ መርፌ ሲገባ። አቫስቲን በ30 ጌጅ ስለሚወጋ፣ የቁጥሩ ማነስ የመርፌውን መወፈር ስለሚያሳይ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ብዙ ሰው መርፌውን «አመመኝ» ሲል ያሠቃየው ቆቡን ከፍቶ የሚይዘው ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ቆብ በጨመቁ ቁጥር ሽቦው ይቆረጥማል። አባትዎን ሁለቱንም ዓይን ገልጠው ሐኪሙ በሚያሳያቸው አቅጣጫ ርቆ ያለ ነገር እንዲያዩ ይንገሯቸው፤ አንዱን ዓይን ጨፍኖ ሌላውን ማላላት አይቻልም። የማደንዘዣ ጠብታው የማይወጋው ዓይን ላይም አንድ ቢደረግ መርገብገቡ ይቀንሳል። ጠብታው ከተጨመረ በኋላ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ወደ መርፌው የሚሄድ ባለሙያ ካጋጠማቸው «ትንሽ ይቆዩልኝ» ማለት መብታቸው ነው። መርፌው ራሱ ዓይን ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የሚሰጠው ፈሳሽም 0.05 ሚሊሊትር፣ አንድ የዓይን ጠብታ የሚያህል ነው። በመርፌው ሰዓት እሳቸውም ሐኪሙም አይናገሩ፤ ከአፍ የሚረጭ ምራቅ የሚያመጣው ጀርም ዓይን ውስጥ ክፉ ነው።

ደም ለማቅጠኛ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለዚህ መርፌ ተብሎ አይቆምም። ቢቆም የልብና የአንጎል አደጋው ከዓይን መድማቱ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከመርፌው በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰበት። የተረፈውን ኬቶሮላክ ጠብታ ጨምሮ ትንሽ ተሻለው። ሕመሙ ጤናማው ይሁን ክፉው በምን ይለያል?
(ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ እስኪታተም መጠበቅ ያልነበረበት ነው፤ ባለቤትዎ ተመርምረው እንደሆነ ተስፋ እናደርጋለን። ለሌሎች አንባብያንም ስንል ዘርዘር አድርገን እንመልሰዋለን።

የተለመደው ሕመም በዚያው ቀን ከሰዓት ይጀምራል፣ ማታ ይበረታል፣ በማግስቱ ይቀንሳል። እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ነጩ ላይ ደማቅ ቀይ ደም ቢታይ፣ ሲያዩት ቢያስደነግጥም ጉዳት የለውም፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ጥርት ያለ ጥቁር ክብ ነገር ዓይን ውስጥ ወደ ታች ሲንሳፈፍ ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ከመርፌው ጋር የገባ የአየር ፊኛ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ክፉው አንዴ ከቀነሰ በኋላ የሚመለሰው ነው። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕመም ዳግም ሲጀምር፣ ዕይታ ሲደበዝዝ፣ ብርሃን ዓይንን ሲያሳምም፣ ብዙ ተንሳፋፊ ጭስ መሰል ነገር ሲመጣ፣ ዓይን ሲቀላ፣ ውስጠኛው የዓይን ክፍል ተበክሎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ኢንዶፍታልማይትስ ይሉታል። ከሁለት ሺህ እስከ ሦስት ሺህ መርፌ አንድ ጊዜ ያህል ያጋጥማል፤ ጥቂት ነው፣ ሲያጋጥም ግን በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። ሁሉም ምልክት አብሮ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ የዕይታ መቀነስ ብቻውን ይበቃል። ሕመም የሌለው ኢንዶፍታልማይትስም አለ።

ፀረ ብግነት ጠብታ እዚህ ላይ የሚያሳስተው ኢንፌክሽኑን ሳያቆም ሕመሙንና መቅላቱን ስለሚያደበዝዝ ነው። «በጠብታው ተሻለኝ» የሚለው ስሜት አንድ ቀን ያሳጣል፤ በዚያ ቀን ውስጥ ሬቲና ይጎዳል። ስለዚህ የተረፈ ጠብታ ከመርፌው ማግስት በኋላ አይነካም። አንቲባዮቲክ ኪኒንም ሆነ ጠብታ ከቤት መጀመር አይጠቅምም፤ የሚያድነው ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም በቀጥታ ዓይን ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ነው፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጨመራል። ሌሊትም ቢሆን የዓይን ድንገተኛ ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ የመርፌውን ስምና ቀን የያዘውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። አቫስቲን አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ሰው በትንንሽ መርፌዎች ስለሚከፋፈል፣ በዚያው ቀን የተወጉ ሌሎች ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ከታየ ለክሊኒኩ መንገር ሌሎችን ያድናል።

ጊዜ የማይሰጥ ሌላ ነገር፦ ድንገት ብልጭታ ማየት፣ ከጎን እንደ መጋረጃ ጥቁር ሲወርድ። ይህ ሬቲና ሲላቀቅ ይመጣል። መርፌው እንዳለቀ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉ ነገር ቢጨልም ግን የዓይን ግፊት ለአፍታ ስለጨመረ ሊሆን ስለሚችል ከወንበሩ ሳይነሱ ወዲያው ለሐኪሙ ይንገሩት። ጣት እያሳዩ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከመርፌው በማግስቱ ፀበል ልጠመቅ አስቤ ነበር። ኩልስ መቼ ነው የምኳለው?
(ከጎንደር)

መልስ፦ የመርፌዋ ቀዳዳ እስክትዘጋ፣ ቢያንስ 3 ቀን፣ ማንኛውም ያልተጣራ ውሃ ዓይን ውስጥ አይግባ። የወንዝ፣ የቧንቧ፣ የምንጭ ውሃ ሁሉ አንድ ነው። ፀበሉን መጠጣትም ከአንገት በታች መጠመቅም ይችላሉ፤ ፊትዎ ላይ ሲረጭ ዓይንዎን ጨፍነው በንጹሕ ጨርቅ ይያዙ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ አንባብያንም ፊታቸውን ዓይን ጨፍነው እያበሱ መታጠብ ይችላሉ። ኩል እስከ ሳምንት ድረስ ቢቀር ይሻላል፤ ያለፈውን ኩል መኳያ ደግሞ ጀርም ስለሚይዝ መልሰው አይጠቀሙበት። የምድጃና የዕጣን ጭስ ከሁለት ቀን በኋላ ብዙ ጉዳት የለውም፤ የመጀመሪያዋን ማታ ግን ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላልዎት።